ሜዳ የሚሠራው ማንም በማይጫወትበት ቀን ነው

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማርች ሲጋመስ ቀኑ ይረዝማል፤ ፀሐይዋም ሰው ታታልላለች። የብርዱን ወራት ቤቱ ተከትቶ የከረመው ጎልፍ ተጫዋች ዱላውን ወልውሎ ይነሣል። ሜዳው ግን ገና አልነቃም። ሣሩ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ይምሰል እንጂ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ በብርዱ ወራት የተረገጠው እንደተረገጠ፣ የተቦጨቀው እንደተቦጨቀ ነው። ሜዳ ጠባቂው በዚህ ሰዓት ይዞት የሚመጣው ሥራ ደግሞ ተጫዋቹ ማየት የማይወደው ዓይነት ነው። ኳስ በዝግታ እየተገፋች ወደ ቀዳዳው የምትገባበትን፣ ከሜዳው ሣር ሁሉ አጥሮ የሚታጨደውን "ግሪን" የተባለ ቦታ በማሽን ይበሳሳዋል፤ በላዩ አሸዋ ይነዛበታል፤ ሲያስፈልግም ለጥቂት ቀናት ይዘጋዋል። "ደህናውን ሜዳ ለምን ያበላሹታል?" የሚለው ቅሬታ በየዓመቱ በዚሁ ወቅት ይሰማል።

ቅሬታው የቆየ ነው፤ መልሱም የቆየ ነው። ከ150 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቶም ሞሪስ የሚባል ሰው በአካፋና በአሸዋ መልሶታል። ዛሬ በየአገሩ የጎልፍ ሜዳ የሚንከባከቡ ባለሙያዎች በፀደይ የሚሠሩት ሥራ መሠረቱ የዚህ ሰው ልማድ ነው። ታሪኩን መለስ ብለን ብናየው ጎልፍ ለማያውቅ ሰውም የሚተርፍ ቁም ነገር አለው።

ቶም ሞሪስ የተወለደው በ1821 በሴንት አንድሩስ ከተማ ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ በዘመኑ አቻ የሌለው ተጫዋች ይባል ለነበረው ለአለን ሮበርትሰን ተቀጥሮ የጎልፍ ኳስ አሠራር ተማረ። ያኔ ኳስ የሚሠራው በቆዳ ከረጢት ውስጥ የተቀቀለ ላባ እየተጠቀጠቀ ነበር። አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ ጥቂት ኳስ ብቻ ያወጣል፤ ዋጋውም ለድሃ አይቀመስም። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ፣ ርካሽና ጠንካራ ኳስ መጣ። ነገሩ የሮበርትሰንን እንጀራ የሚነካ ነበርና ሮበርትሰን አዲሱን ኳስ ጠመደው። ቶም በዚያው ኳስ ሲጫወት በመገኘቱ ተቀያየሙና ተለያዩ። በ1851 ቶም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ፕሬስትዊክ ሄደ። እዚያ 12 ቀዳዳ ያለው ሜዳ ቀየሰ፤ ጠባቂውም እሱ ሆነ። የመጀመሪያው ኦፕን ሻምፒዮና በ1860 የተካሄደው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ቶም ራሱ በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867 አሸንፏል፤ በመጨረሻው ድሉ ጊዜ 46 ዓመት ሆኖት ነበር፣ በዕድሜ ከእሱ የሚበልጥ የኦፕን አሸናፊ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለእኛ ጉዳይ የሚበጀን ግን ከድሉ ይልቅ አሸዋው ነው። እንደሚነገረው ቶም በፕሬስትዊክ ሳለ በእጅ ጋሪ የጫነው አሸዋ ሳያስበው ግሪን ላይ ይደፋበታል። ጠራርጎ ቢያነሣውም ሁሉም አልተነሣም። ሰንበት ብሎ ሲያይ አሸዋው የፈሰሰበት ቦታ ሣር ከአካባቢው ሣር ይልቅ ጥቅጥቅ ብሎ፣ አምሮበት አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ቶም ግን ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ግሪኖቹን አሸዋ ማልበስ ጀመረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም አልተወውም። ረዳቱ አሸዋው በቃ ሲል እሱ ጨምር ይል እንደነበር በሴንት አንድሩስ እስከ ዛሬ ይወራል።

አሸዋው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግሪኑን ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሣሩ ላይ በቢላ ትንሽ ጉማጅ ቆርጠው ቢያወጡ ከላይ አረንጓዴው ቅጠል፣ ከታች አፈሩ፣ በመካከላቸው ደግሞ ቡናማ፣ ሲጫኑት የሚሰምጥ ንጣፍ ያያሉ። ይህ ንጣፍ የሞተ ሥርና የሞተ ግንድ ነው፤ ሳይበሰብስ ተከማችቶ የቀረ። ጥቂት ከሆነ ደግ ነው፣ የኳሱን ምት ያለዝባል፣ ሣሩንም ከመረገጥ ይጠብቀዋል። ሲወፍር ግን ውሃ ይቋጥራል፣ አየር ያሳጣል፣ ሥሩም ወደ ታች መውረድ ትቶ እዚያው ንጣፉ ውስጥ ይቀራል። ሥሩ ጥልቀት ያጣ ሣር በመጀመሪያው የጁን ሐሩር ይጠወልጋል። አሸዋ ታክሎበት ሲቦረሽ እየሰረገ ገብቶ የሞተውን ነገር ያሳሳዋል፤ ውሃና አየር መንገድ ያገኛሉ፤ ብስባሹም በጊዜው ወደ አፈርነት ይለወጣል። ከላይ ደግሞ ጎድጓዳው እየሞላ ኳሱ ሳይነጥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ በፀደይ የሚሠራው የመብሳት ሥራ የዚሁ ልጅ ነው። ማሽኑ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ የብረት ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ወደ ግሪኑ እየገቡ የጣት ውፍረት ያለው፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አፈር ነቅለው ከላይ ይተዉታል። ሠራተኞች ያንን በአካፋ ገፍተው ያነሡታል፤ ደረቅ አሸዋ ይበተናል፤ በመጥረጊያ ወይም በብሩሽ እየተገፋ እያንዳንዱ ቀዳዳ አፉ ድረስ ይሞላል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከአፉ ላይ ተጋግሮ ይቀራል፣ ከሥር ባዶ ጉድጓድ ይተዋል፤ ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሥራው ሲያልቅ ግሪኑ ነጠብጣብ ሆኖ ያስከፋል። አየሩ ሞቅ ካለ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናል። አፈሩ ሳይሞቅ፣ ሣሩ ማደግ ሳይጀምር ከተበሳ ግን ቁስሉ ሳይድን ብዙ ይቆያል። በፀደይ ሥራ ዋናው ጥያቄ ምን ልሥራ ብቻ ሳይሆን መቼ ልሥራም ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ ቶም ታሪክ እንመለስ። በ1859 አለን ሮበርትሰን ሞተ፤ የሴንት አንድሩስ ሜዳም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተጎሳቆለ። ምክንያቱ የጠባቂ ማጣት ብቻ አልነበረም። ርካሹ ኳስ ጨዋታውን ለብዙ ሰው ከፍቶታል፤ በ1852 ከተማዋ የገባው የባቡር ሐዲድ ደግሞ እንግዳ አመጣ። በጠንካራው ኳስ ምክንያት ብረት ያላቸው ዱላዎች ስለበዙ የሣሩ መቦጨቅ ባሰ። በ1864 የከተማዋ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ጎልፍ ክለብ ቶምን ከፕሬስትዊክ መልሶ ለመቅጠር ወሰነ። ደመወዙ በዓመት 50 ፓውንድ፣ ለሥራው ማስኬጃ ደግሞ 20 ፓውንድ ተመደበ። የተሰጡት መሣሪያዎች አንድ የእጅ ጋሪ፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ አካፋ ነበሩ። ለከባዱ ሥራ የሚያግዘው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ተፈቀደለት።

በዚህ አቅም ቶም የሠራው የሚደንቅ ነው። ሜዳውን ያጠበበውን እሾሃማ ቁጥቋጦ አስመነጠረ፤ ለመጀመሪያውና ለአሥራ ስምንተኛው ቀዳዳ አዳዲስ ግሪን ሠራ፤ የቀዳዳዎቹ አፍ በእጅ እየተቆፈረ እንዳይፈራርስ በብረት ክብ አስደገፈ፤ አሸዋውንም ሳይሰለች አለበሰ። ከሁሉ በላይ ግን ሜዳው እንዲያርፍ አደረገ። እሑድ በሴንት አንድሩስ ጨዋታ አልነበረም። ቶም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርና ሰንበትን ማክበሩ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ለጠየቁት ሰዎች የሰጠው ምክንያት ሌላም ነበረው፤ ተጫዋቾቹ ዕረፍት ባያስፈልጋቸው እንኳ ሜዳው ያስፈልገዋል ይል ነበር። ኦልድ ኮርስ የሚባለው ይህ ሜዳ ዛሬም ትልልቅ ውድድሮች ካልኖሩ በስተቀር እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ልጆቹንና ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸርበት ይውላል። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነ፣ ተራ ለማግኘት ሰው ዕጣ የሚጥልለት ሜዳ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ገቢውን ይተዋል። ኪሳራ የሚመስለው ይህ ቀን ሜዳውን እስከ ዛሬ ካቆዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ማሳረፍ ማለት ግን መዝጋት ብቻ አይደለም። በቶም ዘመን ሜዳው አንድ ሳምንት በቀኝ እየዞሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በግራ እየዞሩ ይጫወቱበት ነበር። አቅጣጫው ሲቀየር ኳስ የሚያርፍበትና ዱላ የሚቦጭቀው ቦታ ስለሚቀየር ያለፈው ሳምንት ቁስል ፋታ ያገኛል። በአሁኑ ጊዜም ከኖቬምበር እስከ ማርች ኦልድ ኮርስ ላይ የሚጫወት ሰው ትንሽ ሰው ሠራሽ የሣር ምንጣፍ ይዞ ይዞራል፤ ኳሱ ፌርዌይ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ የሚዘረጋው የታጨደ ሣር) ላይ በወደቀበት ምንጣፉን ዘርግቶ ከዚያ ላይ ይመታል። በብርድ የተቦጨቀ ሣር እስከ ፀደይ ድረስ ስለማይተካ ነው። በኤፕሪል ፌርዌዩን ደህና ሆኖ የሚያገኘው ተጫዋች በጃንዋሪ ያንን ምንጣፍ ተሸክሞ የዞረውን ሰው ማመስገን አለበት። የእኛም ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ማሳውን ያሳረፈ ሰው እርሻ የፈታ ሰነፍ ነው አይባልም።

አሁን ወደ ፀደዩ ሥራ ቅደም ተከተል እንግባ፤ ቶም በዓይኑና በእጁ ያወቀውን የዘመኑ ሳይንስ በቁጥር ያስረዳናልና። በቀዝቃዛ አገር ግሪን ላይ የሚበቅሉት ቤንትና ፌስኪው የተባሉት ሣሮች ሥሮቻቸው ደህና አድርገው የሚያድጉት አፈሩ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው። ቅጠላቸው ግን የሚፋፋው አየሩ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በፀደይ መጀመሪያ ሥሩ ይቀድማል፣ ቅጠሉ ይከተላል። ለዓይን የሚታይ ነገር ሳይኖር ከመሬት በታች ትልቁ ሥራ እየተሠራ ነው። ያንን ጊዜ ያልታገሠ ጠባቂ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይረጭና ሜዳውን በጥቂት ቀን አረንጓዴ ያደርገዋል። ሰው ያደንቀዋል። ሣሩ ግን ለሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ ለቅጠሉ አውጥቶ ይጨርሳል፤ በጋው ሲመጣ የሚይዘው ሥር የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኼ ነው።

የጠዋቱ አመዳይም ትዕግሥት ያስተምራል። በኤፕሪል ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ ሲያርፍ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል። በዚያ ሰዓት የረገጠው ሰው ቅጠሉን ከውስጡ ይሰብረዋል። ወዲያው ምንም አይታይም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሰውየው ያለፈበት ሁሉ በጫማው ልክ እየጠቆረ ይወጣል፤ ሣሩ ማደግ ባልጀመረበት ወቅት ያ ዱካ ለሳምንታት ይቆያል። ጠባቂው "ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ" ሲል ተጫዋቾች በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ። የግማሽ ሰዓት መዘግየትና የብዙ ሳምንት ጠባሳ ሲነጻጸሩ ትርፉ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

አጫጨዱም እንዲሁ ነው። በጨዋታው ወቅት መሐል ግሪን እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ አጥሮ ይታጨዳል። በብርዱ ወራት ግን ከዚያ ከፍ ተደርጎ ይተዋል፤ ፀደይ ሲመጣ ማጨጃው በአንድ ጊዜ ዝቅ አይደረግም። ሕጉ በአንድ አጨዳ ከቅጠሉ ሲሶ በላይ አለመቁረጥ ነው። ቅጠል የሣሩ ማዕድ ቤት ነው፤ በድንገት የተላጨ ሣር ለማገገም የሚያወጣው ጉልበት ከሥሩ ይመጣል። ስለዚህ ማጨጃው በየጥቂት ቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። የሳሳው ቦታ ላይ ዘር ይታከላል፤ ዘሩ ከአፈር ጋር እንዲገናኝ ሣሩ በስለት ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ይለብሳል። ከዚያ እስኪበቅል ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ የረሳ ዘመንም ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማዳበሪያ በረከሰበት፣ በራሱ የሚሠራ የውሃ መርጫም በየሜዳው በተተከለበት ጊዜ ብዙ የብሪታንያ ክለቦች ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ግሪን ፈለጉ። ውሃና ማዳበሪያ በገፍ ፈሰሰ። በዚህ የተጠቀመው ፖአ አኑዋ የሚባለው ሣር ነው። ሥሩ ጥልቀት የለውም፣ በምቾት ይስፋፋል፣ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ በኤፕሪልና በሜይ ደግሞ ነጭ የዘር ዘለላ እያወጣ ግሪኑን ያጐረብጠዋል። የሞተው ንጣፍ ወፈረ፤ ግሪኑ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚረጥብ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር የሚጠወልግ ሆነ። ሮያል ኤንድ ኤንሸንትን ያማክር የነበረው የሣር ባለሙያ ጂም አርተር ለዓመታት በየክለቡ እየዞረ የተከራከረው ወደ ድሮው ተመለሱ እያለ ነው፤ ማዳበሪያ ቀንሱ፣ ውሃ ቆጥቡ፣ መሬቱን ብሱት፣ አሸዋ አልብሱት ይል ነበር። ብዙዎች ጨካኝ ነው አሉት። ምክሩን የሰሙት ክለቦች ግን ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያጫውት ሜዳ አገኙ።

በዘመናችን የዚያ ፈተና አዲሱ መልክ ቴሌቪዥን ነው። በየኤፕሪሉ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ናሽናል የሚካሄደው የማስተርስ ውድድር ይተላለፋል፤ ሜዳው እንከን የለውም። በማግሥቱ የስኮትላንዱ፣ የእንግሊዙ፣ የካናዳው ተጫዋች የእኛስ ለምን እንደዚያ አልሆነም ብሎ ጠባቂውን ይጠይቃል። ሴንት አንድሩስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 56 ዲግሪ ላይ፣ ኦገስታ ደግሞ 33 ዲግሪ ላይ መሆናቸውን ማስታወስ አንድ መልስ ነው። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያስተምራል። በኤፕሪል በኦገስታ ፌርዌይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ራይ የተባለ ሣር ነው፤ የተዘራው ባለፈው መኸር ነው። ለዚያም ሜዳው ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ለአባላቱ እንኳ ዝግ ይሆናል። ሰው የሚቀናበት የአንድ ሳምንት ውበት ማንም ኳስ ባልመታባቸው ወራት የተሠራ ነው። ሀብታሙ ኦገስታና በአንድ አካፋ የጀመረው ቶም ሞሪስ በገንዘብ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቁም በዚህ ነገር ይስማማሉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ ጥሩ ጥበቃ ለጊዜው ጉዳት ሊመስል ይችላል። የተበሳ ግሪን ያስከፋል፣ ሳይበሳ የከረመ ግሪን ግን ይሞታል። ሥራውን የማያውቅ ሰው የሚፈርደው በሚያየው ነው፤ ስለዚህ ጠባቂው ሥራውን መሥራት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ማስረዳትም አለበት። በዚህ ሳምንት እንበሳለን፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ በዚህ ቀን ገደማ ይድናል ብሎ በር ላይ የለጠፈ ክለብ ቅሬታው ይቀንስለታል።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ለውጥ የሚመጣው በጥቂቱ ሲደጋገም ነው። ቶም አሸዋውን በአንድ ቀን አልከመረም፤ ቢከምረው ሣሩን ይቀብረው ነበር። ሣሩ በመካከሉ አንገቱን እያወጣ እንዲያድግ በስሱ እየነዛ ዓመታት ቆየ። በሴንት አንድሩስ ጠባቂነቱ ከ1860ዎቹ አጋማሽ እስከ 1903 ዘልቋል፤ ሲለቅ 82 ዓመቱ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ሰው አንድን መሬት ሲመለከት የሚያገኘው እውቀት በመሣሪያ አይተካም። ጠባቂዎቹን በየሁለት ዓመቱ የሚያባርር ክለብ የሚያጣው ይህን ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጠባቂ "ዛሬ አይሆንም" የማለት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። የሴንት አንድሩስ ሰዎች ለቶም የሰጡት ገንዘብ ጥቂት ነበር፣ መሣሪያውም ጥቂት ነበር፤ ሜዳውን ለማሳረፍ ሲነሣ ግን ቃሉን አከበሩለት። ዛሬ ብዙ ቦታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ ውድ ማሽን ይገዛል፣ በአመዳይ ጠዋት በሩን የመዝጋት ውሳኔ ግን ለገቢ ሰብሳቢው ይተዋል። ያ ሲሆን ማሽኑ የፈረሰውን ሲጠግን ይኖራል።

ነገሩ ለጎልፍ ብቻ አይደለም። የእግር ኳስ ሜዳ፣ የከተማ መናፈሻ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ሣር፣ ሰው የሚረግጠው መሬት ሁሉ ይህን ሕግ ይጋራል፤ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል፣ በዕረፍትና በትጋት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚያስተዳድር ሰው በዓመቱ መርሐ ግብር ላይ ውድድሮቹን ከመጻፉ በፊት ቦታው የሚዘጋባቸውን ቀኖች ይጻፍ፤ እነዚያን ቀኖች ለማንም ልመና አሳልፎ አይስጥ። ቶም ሞሪስ የሞተው በ1908 ነው፤ የኦልድ ኮርስ አሥራ ስምንተኛ ቀዳዳ ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል። ስሙ እዚያ የቀረው አራት ጊዜ ስላሸነፈ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚመጣ ተጫዋች ሁሉ የሚጫወትበት መሬት ስላቆየ ነው።